ገንዘቡ የት ገባ? የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወትና የእኛ አካባቢ የጤና መዋጮ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ብዙዎቻችን የምናውቀው ለፈተና ነው። ሁለት ሥራዎቹን ስማቸውን እንሸመድዳለን፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የኢኮኖሚ ጸሐፊ የሚለውን አንድ መስመር እንጽፋለን፣ ከዚያ ወደ ሌላው ምዕራፍ ማለፍ ነው። እኔም በፐብሊክ ፋይናንስ ኮርስ ላይ የቤት ሥራ ባይታዘዝብኝ ኖሮ ከዚያ አልፌ የምሄድ አልነበርኩም። የቤት ሥራው ርዕስ የገጠር ሰው ለማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መመዝገብን ለምን ያመነታል የሚል ነበር። ቡሬ ተወልጄ ያደግኩ እንደመሆኔ መጠን መልሱን ከአጎቴና ከጎረቤቶቹ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ታዲያ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያንኑ ጥያቄ አንድ የዓድዋ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት በሚገባ አስቀምጦት አገኘሁት። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ሕይወት ከእኛ አካባቢ ጉዳይ ጋር እያያዝኩ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ውድ አንባቢያን፣ መንገዴ ትንሽ ጠመዝማዛ ቢሆንባችሁ ታገሡኝ።

ገብረ ሕይወት የተወለደው በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወይም እንደሞላው ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ገባ። ከብቱ አለቀ፣ የሚታረስበት በሬ ጠፋ፣ ሕዝቡም ተበተነ። በልጅነቱ ወደ ምጽዋ አቅራቢያ ሄዶ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ የሚቀጥለው ታሪኩ ተረት ይመስላል። ከጓደኞቹ ጋር የጀርመን መርከብ ሊያይ ገብቶ በዚያው ቀረና አውሮፓ ደረሰ። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው ይባላል። ቤተሰቡ እንደ ልጅ አሳደገው፣ ጀርመንኛ አቀላጥፎ ተናገረ፣ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ሕክምና ተማረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የኢኮኖሚ ጸሐፊ የምንለው ሰው መጀመሪያ ትምህርቱ የሐኪም መሆኑን እኛ ክፍል ውስጥ ስንቶቻችን እናውቃለን? በዚያ ላይ ደግሞ የተማረበት አገር ተራ አገር አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 በቢስማርክ ዘመን የሠራተኞች የሕመም መድን ሕግ ያወጣች፣ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት። መዋጮው ሁለት እጁ ከሠራተኛው፣ አንድ እጁ ከአሠሪው የሚሰበሰብ ነበር። ገብረ ሕይወት በርሊን ሲማር ሕጉ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፋብሪካ የሚውል ሰው ሲታመም በሬውን ሸጦ ሳይሆን በየሳምንቱ ባዋጣት ሳንቲም የሚታከምበት አገር ነው ያየው። እሱ ትቶት በሄደው አገር ግን፣ ኋላ አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመው የምኒልክ ሆስፒታልና ከጥቂት የውጭ አገር ሐኪሞች በቀር ለሕዝቡ የሚሆን ዘመናዊ ሕክምና ገና አልነበረም።

አገሩ ሲመለስ ግን የሐኪም ካባ ለብሶ አልተቀመጠም። ቋንቋ አዋቂ በመሆኑ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገለ። ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ታመው ቤተ መንግሥቱ በሥልጣን ሽኩቻ በሚታመስበት ጊዜ ከአገር ወጣ፤ ሱዳንና ኤርትራም ሰነበተ። እኔ እንደማስበው ይህ የስደት ጊዜ ነው ሰውየውን የሠራው። ቤተ መንግሥቱን ከውስጥ አይቶታል። ማር፣ እህል፣ ብር፣ ጥሬ ወርቅ ሲገባ፣ ለመኳንንትና ለግብር አዳራሽ ሲወጣም ተመልክቷል። ከዚያ ከሩቅ ሆኖ ስለዚያው ጻፈ።

አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ድርሰቱ እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ ታተመ። አጭር ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። ምኒልክን ያመሰግናል፣ ግን እንደ ዜና መዋዕል ጸሐፊ አያሞግስም። ለተተኪው ለልጅ ኢያሱ መደረግ ያለባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ ለእኛ ኮርስ የሚሆነው አንደኛ የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ገንዘብ ይለያዩ የሚለው ነው። ሁለተኛ ግብሩ ልክ ይኑረው፣ ገበሬው ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወቅ፣ ክፍያውም በገንዘብ ይሁን ይላል። ሹማምንቱም ከገበሬው ጎተራ እየዛቁ ከሚኖሩ ደመወዝ ይቆረጥላቸው ይላል። የጉምሩክ በሩም ይቀነስ፣ ነጋዴው በየበሩ አይመዝበር የሚል አለበት። ዛሬ ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ንጉሡን ኪስህና የአገሩ ኪስ አንድ አይደለም ማለት ነበር፤ ይህን ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት።

በዚያው ዘመን የእኛን ጎጃም የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ራስ ኃይሉ ሕዝቡ ላይ ልዩ ልዩ ክፍያ በመጣልና አዲስ አበባ ላይ በንግድ በማትረፍ የታወቁ ናቸው። በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን እስኪነሱ ድረስ የጠቅላይ ግዛቱ ካዝና የት ላይ አልቆ የራስ ኃይሉ ካዝና የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ገብረ ሕይወት ስለ እሳቸው ጻፈ እያልኩ አይደለም። የእኛ አያቶች የሚያውቁት መንግሥት ግን ይህ ነበር፣ የሰጡት ብር መንገድ ወይም ሐኪም ሆኖ ሲመለስ አላዩም።

ከጣሊያን በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አላበቃም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በመሬት ግብሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1947 የትምህርት ግብር ጨመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የጤና ግብር ተጨመረበት። አዎ፣ የጤና ግብር! እኔ ይህን ሳነብ በጣም ገረመኝ። የጤና መዋጮ የሚባል ነገር ለቡሬ ገበሬ በኢሕአዴግ ዘመን የመጣ አዲስ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ለካ አያቶቻችን ከመሬት ግብራቸው ጋር እየተጨመረ ሲከፍሉት ኖረዋል። የከፈሉበት ክሊኒክ የት ነው ብትሉ፣ ለአብዛኛው ገጠር መልሱ የለም ነው። ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም የተሠራው ከተማ ላይ ነበር። ገበሬው በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያመጣበት መንገድ እንኳ አልነበረውም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም ለምን እንደተነሳ ከዚህ ጋር አያይዤ ነው የማየው። በታሪክ ኮርስ የሚነገረን ምክንያት ርስት ነው። መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው የሚል ፍርሃት ነበር፣ ይህ ትክክል ነው። በጊዜው ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ደግሞ በልዩ ልዩ መዋጮ ሕዝቡን አስመርረው ነበር። ሞጣና ብቸና ተነሱ፣ በእኛ በኩል ዳሞትም ተነሳ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ መንግሥት አፈገፈገ፣ ገዥው ከጎጃም ተነሱ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ቡሬ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ አንድ ነገር አይረሱም። መዝጋቢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስምህንና የቤተሰብህን ብዛት ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሌላ ነው ይላሉ።

አሁን ወደ መድኑ ልምጣ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ባሉ አሥራ ሦስት ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ደቡብ አቸፈር የምዕራብ ጎጃም ወረዳ ስለነበረች ወሬው እኛ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። አሠራሩ ቀላል ነው። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ለቤተሰቡ መዋጮ ይከፍላል፣ ፎቶ ያለበት ደብተር ይሰጠዋል፣ ሲታመም ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ምንም ለሌለው ደሀ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል፣ የፌዴራል መንግሥትም ድጎማ ይጨምራል። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ሂሳባቸውን ከወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ይቀበላሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ቢስማርክ ራሱ ቢነሳ የሚስማማበት ነው።

አጎቴ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልተመዘገበም። በርበሬና በቆሎ የሚያመርት፣ ሂሳብ የማይሳሳት ሰው ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው ጤነኛ ነኝ፣ ለምን እከፍላለሁ አላለኝም። ያለኝ ሌላ ነው። እድር ስከፍል ዳኛው እፊታችን ቆጥሮ ይነግረናል፣ ስንት ገባ፣ ስንት ለድንኳን ወጣ፣ ስንት ቀረ። መድን የከፈሉት ጎረቤቶቼ ግን አንድ ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ ተብለው ተመለሱ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ የነገራቸው የለም አለ። ደግሞ ምዝገባው ፈቃደኝነት ነው ይባላል፣ ቀበሌው ግን ኮታ አለበት፣ ማዳበሪያ ለመውሰድ ስትሄድ የመድን ደብተርህን አሳይ የሚል ሰው ይገጥምሃል፣ ፈቃድ ከሆነ ለምን በማዳበሪያ ይይዙኛል ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልመልስለት?

ክፍላችን ውስጥ ይህ ጉዳይ ሲነሳ የብዙ ተማሪዎች መልስ የግንዛቤ እጥረት ነው የሚል ነው። ሪፖርቶችም ሁሌ የሚደመድሙት በዚሁ ነው፣ ግንዛቤ ማስጨበጫ ያስፈልጋል። እኔ ይህ መልስ አይዋጥልኝም። አጎቴ ያነሳው ጥያቄ ገብረ ሕይወት ለልጅ ኢያሱ ያቀረበው ጥያቄ ነው እኮ። የሚሰበሰበው ልክ አለው ወይ፣ የተሰበሰበው ከሰብሳቢው ኪስ የተለየ ነው ወይ፣ ወጪው ለከፋዩ ይታያል ወይ። አንዱ በጀርመንኛ የተማረ ነው፣ ሌላው በእድር ዳኛ ፊት ነው የተማረው፣ የጠየቁት ግን አንድ ነገር ነው።

ሆኖም ጥርጣሬ ትክክል ስለሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በኮርሱ እንደተማርነው መድን የሚቆመው ጤነኛውም ሲገባበት ነው። ጤነኛው ተጠራጥሮ ቀርቶ የሚገባው ሕመምተኛ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ያልቃል። ገንዘቡ ሲያልቅ ለጤና ጣቢያው የሚከፈለው ይዘገያል፣ መድኃኒት አይገዛም፣ ያኔ ተጠራጣሪው አላልኳችሁም ይላል። ጥርጣሬው ራሱን እውነት ያደርጋል ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ በዚሁ ቋንቋ አስረድቼዋለሁ። ገብቶታል፣ ግን እሱ ብቻውን ገብቶ ምን ሊለውጥ ነው? በአካባቢያችን ደግሞ ሌላው ወገንም አለ። አንድ የሰፈራችን አባወራ ልጁ ትርፍ አንጀት ታማበት ባህር ዳር ድረስ ወስዶ ሲያሳክም ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠ። አንድ በሬ ይዞ ማረስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ ለሆነ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሰውየው መቀናጆ ሲፈልግ ክረምቱ አለፈበት። በዓመቱ ሳይጠሩት ሄዶ ተመዘገበ።

የገብረ ሕይወትን ሕይወት ወደ ጎን ስለተውኩት ልመለስበት። ድርሰቱን ከጻፈ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰና በጣም የሚገርም ሹመት አገኘ። የባቡር ሐዲዱን እንዲቆጣጠር ተሾመ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። ነጋድራስ ማለት የንግዱ ሹም፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ የሚያልፍባት የአገሪቱ ዋና የገንዘብ በር ነበረች። ገንዘብ ሰብሳቢውን ሲተች የነበረው ሰው ራሱ ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው። ለእኔ ከሕይወቱ ሁሉ የሚያስተምረው ይህ ክፍል ነው። ከውጭ ሆኖ መጠራጠር ለማንም አይከብድም። እሱ ግን መዝገቡን ተረክቦ ተቀመጠ። ዛሬ የወረዳ መድን ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የእኛ ዲፓርትመንት ምሩቃን ያሉበት ቦታ ይኸው ነው፤ ሰብሳቢም ናቸው፣ የገበሬ ልጅም ናቸው።

ሁለተኛውንና ትልቁን መጽሐፉን፣ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደርንም ጻፈ። ሀብት ከሥራ ይመጣል፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን በሌላው የጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል፣ በዚህም ሁልጊዜ እየደኸየ ይሄዳል የሚል ነው ዋና ሐሳቡ። ስለዚህ ክፍል ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። የቡሬን በርበሬ በጆንያ እየጫንን አዲስ አበባ ላይ የተፈጨውን በፓኬት መልሰን ስንገዛ ያየ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዲገነባ ሲወሰን ሐሳቡ የገብረ ሕይወት መሆኑን ያስታወሰ ባለሥልጣን ይኖር ይሆን? ለነገሩ የዚያ ፓርክ ወጪና ገቢም ራሱን የቻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ የሚደፍር ተማሪ ካለ።

በአንድ ነገር ግን ከገብረ ሕይወት ጋር አልስማማም። ሕዝቡን ብዙ ጊዜ የሚያየው ዕውቀት እንደሌለው፣ ከላይ መመራት እንዳለበት አድርጎ ነው። ጃፓንን ያደንቃል፣ ብልህ መንግሥት ካለ ሕዝቡ ይከተላል ብሎ ያስባል። ለውጡ የሚጠበቀው ከንጉሡ ነው። ገበሬው ራሱ የሂሳብ ተቆጣጣሪ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በጽሑፉ ውስጥ አላገኘሁም። እድርን፣ ማኅበርን፣ እቁብን ያየ ሰው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ያለ ማንም አስተማሪ የጋራ ገንዘብ ሲያስተዳድር እንደኖረ ያውቃል። የመድኑ ደንብ ራሱ ጠቅላላ ጉባኤ ይኑር፣ የቀበሌ ተወካዮችም ሂሳብ ይስሙ ይላል። ጉባኤው ሲደረግ የወረዳው ሂሳብ በአማርኛ ተጽፎ ገበያ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቢለጠፍ ወጪው አንድ ወረቀትና ሙጫ ነው። ስንት ተሰበሰበ፣ ለየትኛው ጤና ጣቢያ ስንት ተከፈለ፣ ምን ያህል ቀረ። አጎቴ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ መምህሮቻችን ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ላንሳ። ገበሬው ግንዛቤ የለውም የሚለው ድምዳሜ የሚጻፈው በመንግሥት ሠራተኛ እጅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛውን የሚመለከተው የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ይጀመራል በተባለ ቁጥር ሠራተኛው አጉረመረመ፣ መምህሩም ሐኪሙም ጭምር፣ አፈጻጸሙም ከዓመት ወደ ዓመት ተራዘመ። ምክንያታቸው ምን ነበር? ደመወዛችን ትንሽ ነው፣ ሆስፒታሉ መድኃኒት የለውም፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዘው አናምንም የሚል ነው። ዲግሪና ማስተርስ ያለው ሰው ከአጎቴ ጋር ቃል በቃል ተስማማ። ልዩነቱ የመንግሥት ሠራተኛውን በማዳበሪያ የሚይዘው አለመኖሩ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሳው ጦርነት ይህን ሁሉ ይበልጥ አወሳስቦታል። መንገድ ሲዘጋና መድኃኒት ሳይገባ ሲቀር የመድን ደብተር ምን ዋጋ እንዳለው ለመናገር ያስቸግራል። ስለዚህ ከላይ የጻፍኩት ከዚያ በፊት ስለነበረው ጊዜ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። አዲስ አበባ ላይ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተነሱ። በዚያ ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሕክምና ተምሮ የመንግሥትን ገንዘብ ሲመረምር የኖረው ገብረ ሕይወትም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሞተ። ዕድሜው ገና 33 ዓመት ገደማ ነበር። ትልቁን መጽሐፉን ታትሞ አላየውም። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት ታተመ።

በቤተ መጻሕፍታችን ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ገጾቹም ተገንጥለዋል። እኔ ከመምህሬ ተውሼ ሙሉውን ፎቶ ኮፒ አድርጌዋለሁ። ማንበብ የሚፈልግ ተማሪ ዲፓርትመንቱ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መውሰድ ይችላል፣ በሳምንቱ መመለስ ግን ግዴታ ነው፤ ተራ የሚጠብቁ አሉ።